አርባ እርምጃ ያልታረሰ መሬት

እርሻ የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ፣ «ለአንዲት ቁራጭ ማሳ ይህን ያህል?» ሊል ይችላል። ይበል፤ አልቀየመውም። እኔም በጎልማሳነቴ ቢነግሩኝ ኖሮ እስቅ ነበር። አሁን ሰባውን አልፌያለሁ፤ ሳቁም ቀንሷል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍና የልጄን ደብተር ብቻ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ስለዚህ ነገሩ ቢንዛዛባችሁ ታገሡኝ፤ እኔ የማውቀው ቀስ ብሎ መናገር ነው።

አባ መጫ ይሉኛል። ቤቴ ከሰርቦ ከተማ ወደ ውስጥ ነው፤ ባጃጅ እስከ ወንዙ ያደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ከጓሮዬ ጥቂት ቡና አለኝ፤ ኑሮዬን የያዘው ግን በቆሎ ነው። በእኛ ሰፈር የሰው ገበሬነቱ የሚመዘነው በማሳው ነው። አፈሩ አራት አምስት ጊዜ ተገለባብጦ፣ ጓሉ ተከስክሶ እንደ ዱቄት ሲልም ነው «እሱስ ገበሬ ነው» የሚባለው። አገዳ ተኝቶበት የከረመ ማሳ ያለው ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ በሬው ሞቶበታል፣ ወይ ሰንፏል። አራተኛ ምክንያት የለም።

እኔ ግን አራተኛ ምክንያት ነበረኝ። እሱም ልጄ ናስር ነው።

ናስር ከአራት ሴቶች በኋላ የመጣ አንድ ወንድ ልጄ ነው። ጅማ ገብቶ የእርሻ ትምህርት ተማረ። ሊመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ከመምህሩ ጋር ቤቴ መጣ፤ በእጁ ሲባጎና አራት ችካል ይዟል። ማሳው መሐል የማይነቀል አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ቆመና፣

«አባ፣ ከዚህ ድንጋይ ወደ ወንዙ ያለውን ግማሽ አትረስብኝ» አለኝ።

«እና ምን ላድርገው? ላግባው?»

መምህሩ ሳቀ። ናስር አልሳቀም፤ በሥራ ጊዜ አይስቅም ነበር። «ተወው ዝም ብለህ። አገዳውን አታንሳ፣ አታቃጥል። ዘሩን በሹል እንጨት እየበሳህ ትዘራለህ። ማዳበሪያውን ለሁለቱም ግማሽ እኩል ትሰጣለህ፤ ለዚህኛው ፍግ ትጨምራለህ። ያኛውን እንደ ልማድህ እረሰው፣ ሰልሰው፣ እንደፈለግህ አድርገው።»

«ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«አፈሩ ምን ያህል እንደሚያስቀምጥ ልናይ ነው።»

«አፈር ደግሞ ምን ያስቀምጣል? ጎተራ ነው?»

ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ዘገነ። «ይሄ ጥቁረቱ ምን ይመስልሃል፣ አባ? የሞተ ሥር ነው፣ የበሰበሰ ቅጠል ነው፣ ፍግ ነው። ተክል ከአየር ስቦ ያመጣው ነው። ካርቦን ይሉታል፤ ከሰልን ከሰል የሚያደርገው እሱ ነው። በገለበጥነው ቁጥር አየር ይገባዋል፤ ውስጡ ያሉት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይበሉታል፣ ተንፍሰው መልሰው ያወጡታል። እኛ ‹አረስን› እንላለን፤ እሱ ግን እየተነፈሰ ያልቃል።»

ይህን ሲል አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ከብቶቹን ማታ ማታ ማሳው ላይ ነበር የሚያሳድረው። በረቱ የእንጨት አጥር ነው፤ በየጥቂት ቀኑ እየነቀለ ወደሚቀጥለው ቦታ ያዛውረዋል። ክረምት ሲገባ በረቱ ያለፈበት ሁሉ ጥቁር ነው። ማዳበሪያ በከረጢት መምጣት ሲጀምር በረቱን ተውነው። በቆሎው አደገ፣ ውሸት አልናገርም፤ ከአባቴ በቆሎ በላይ አደገ። አገዳውን ግን ግማሹን ለከብት፣ ግማሹን ለእሳት እያደረግን፣ ለመሬቱ ምንም ሳንተው ብዙ ዓመት ኖርን። አፈሩ እየቀላ፣ እየቀለለ፣ ዝናብ ሲመታው እየተለጠፈ ሄደ። እኔ እርጅና መስሎኝ ነበር፤ እንደኔው።

ያን ቀን ሜትር ረስተው መጥተው ነበርና ናስር በእኔ እርምጃ ለካ። እኔ ስራመድ እሱ ከጎኔ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ከዚያ ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ፣ «ከትልቁ ድንጋይ ወደ ወንዙ፣ በአባቴ እርምጃ፣ አርባ» ብሎ ጻፈ። አርባው እርምጃ ማሳው ግርጌ ካለው የውሃ ቦይ አፋፍ ላይ ልክ አደረሰን።

በሁለተኛው ዓመት ናስር ከአዲስ አበባ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ሰኮሩ አጠገብ ተገለበጠ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መምህሩ ለልቅሶ መጥቶ፣ «አባ መጫ፣ ማሳው አይቋረጥ» አለኝ። እኔም አላቋረጥኩም። መምህሩ በየዓመቱ እየመጣ አፈሩን እየወሰደ ሄደ። ያ ግማሽ መሬት ለእኔ ጥናት አልነበረም። ልጄ «ተወው» ያለኝ ነገር ነው፤ ተውኩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አባ ዱራ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ እኩያዬ ነው። አብረን ተገርዘን፣ በሬ ተቀናጅተን ነው የኖርነው። አፉ አያርፍም። ባለፈ ቁጥር አገዳ የለበሰውን ግማሽ እያየ፣

«አባ መጫ! ይሄ መሬትህ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» ይለኛል።

ወይም ደግሞ፣ «ብርድ ልብሱን ግፈፈው እንጂ! ፀሐይ ወጣ እኮ!»

ሰዉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። «ምን ላድርግ፣ ጉልበት አጣሁ» እላለሁ።

ጉልበት አላጣሁም ነበር። እውነቱን ልናገር ስል የናስርን ስም መጥራት አለብኝ፤ ስሙን ከጠራሁ ደግሞ ድምፄ ይሰበራል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ያንሳል፣ ግን አለ፤ ዕድሜ ልኬን ሳርስ የኖርኩ ሰው «መሬት አለማረስ ይሻላል ተብዬ ነው» ብዬ በሽማግሌ ፊት ለመናገር አፈርኩ። ጉልበት አጣሁ ማለት ቀላል ነበር። ስድስት ዓመት ያችኑ ደገምኳት። ጥፋቴ ይቺ ናት፤ ሌላውን ሁሉ ከእሷ ቁጠሩት።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ የሳንባ ምች ጣለኝና ጅማ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ባለቤቴ ዘሃራ አብራኝ ነበረች። ቤቱንና ከብቱን ለአባ ዱራ ሚስት ሰጥተን ነው የሄድነው።

በሰባተኛው ቀን አንዲት ልጅ ብርቱካን ይዛ አልጋዬ ድረስ መጣች። ሂሩት ትባላለች፤ የጅማ ከተማ ልጅ ናት። መምህሩ ለትምህርት ውጭ አገር ስለሄደ የማሳው ሥራ ለእሷ ተላልፎ ነበር። በስልክ ተነጋግረናል እንጂ አይታኝ አታውቅም፤ መሬቱንም አይታው አታውቅም።

«ናስርን አውቀው ነበር፣ አባባ» አለችኝ። «እኔ ከሱ አንድ ዓመት በታች ነበርኩ። እስክሪብቶ ተውሶ አይመልስም ነበር።»

«ከእኔም ገጀራ ወስዶ አልመለሰም» አልኳት። ሳቅን። ዘሃራ ብርቱካኑን መላጥ ጀመረች።

«ሐሙስ ጠዋት መጥቼ አፈሩን ልውሰድ? የስድስት ዓመቱ ማጠቃለያ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌም እሱ ላይ ነው የቆመው። ዋናው ነገር ከመታረሱ በፊት መውሰዴ ነው።»

«ያን ግማሽ የሚያርሰው የለም፣ ልጄ። ተኝተሽ እደሪ» አልኳት።

ረቡዕ ለቀቁኝ። ከሰርቦ ባጃጅ ይዘን ወደ ወንዙ ስንወርድ ከሰፈራችን በኩል ጭስ አየሁ። የማጀት ጭስ አይደለም፤ ወፍራም ነው፣ ተጠምዝዞ ይወጣል።

«የሰው ቤት ይሆን እንዴ?» አለች ዘሃራ።

ባለ ባጃጁ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «የእርሻ ነው» አለ።

ልቤ ያኔ ነው አንድ ነገር የነገረኝ። ወንዙ ጋ ወርደን፣ በዘሃራ ትከሻ ተደግፌ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥኩ ስሻገር የደቦ ዘፈን ሰማሁ። በሬ የሚነዱ ሰዎች ድምፅ፣ የጅራፍ ጩኸት። ቆም ብዬ ለመስማት ሞከርኩ፤ ሳሉ ያዘኝ።

«የማን ደቦ ነው?» አልኩ።

ዘሃራ ከእኔ ቀድማ ዳገቱን አይታለች።

ስንት ጥማድ እንደነበር ዛሬም አልረሳውም፤ ስምንት። አስራ ስድስት በሬ ማሳዬ ላይ። የዚህኛውና የዚያኛው ግማሽ ድንበር ጠፍቷል፤ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም እርጥብ፣ ሁሉም የተገለበጠ። ሴቶቹ የስድስት ዓመቱን አገዳ በመንሽ ሰብስበው ዳር ላይ አቃጥለውታል። አንዴ ብቻ አይደለም ያረሱት፤ ደግመውታል። ጓሉን እንኳ ልጆቹ በዱላ ከስክሰውታል። ያማረ እርሻ ነበር፤ ይህንንም መካድ አልችልም።

አባ ዱራ ጅራፉን እንደያዘ፣ ጉልበቱ ድረስ አፈር ለብሶ እየሮጠ መጣ። በዚያ ዕድሜው ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አልሐምዱሊላህ! መጣህ! ና እየው፣ አባ መጫ፣ ና! መሬትህን ቀሰቀስንልህ! ‹ጉልበት አጣሁ፣ ጉልበት አጣሁ› ትለን የለ? ይኸው ጉልበት! ድፍን ሰፈሩ ነው የወጣው!»

ሰዎቹ በሬያቸውን አቁመው ያዩኛል። ላባቸው ይንጠባጠባል። ከጠዋት ጀምሮ ለእኔ ብለው ሲለፉ የዋሉ ናቸው፤ የራሳቸውን ማሳ ትተው። ዘሃራ ክንዴን ጨበጠችና ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣

«ዱዓ አድርግላቸው» አለችኝ። «ለአላህ ብለው ነው።»

እጄን ዘረጋሁ። ክንዳችሁ አይዛል፣ በሬያችሁ አይጥፋ፣ ልጆቻችሁ ይጡሯችሁ አልኩ። «ልጆቻችሁ» ስል ድምፄ ተሰበረ። እነሱ የደስታ እንባ መሰላቸው፤ «አሚን! አሚን!» አሉ። አንዲት ሴትማ እልል አለች።

ልጄን ሁለተኛ የቀበርኩት እጄን ለዱዓ ዘርግቼ ነው።

ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን አባ ዱራ ቀረ። ደጃፌ ላይ ካለው ግንድ ላይ አጠገቤ ተቀመጠና ጎኔን በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነሃል? ፊትህ የእርሻ ፊት አይደለም። የቀብር ነው።»

ነገርኩት። ችካሉን፣ ደብተሩን፣ ናስር ያለኝን። ከሞተ ወዲህ ስሙን በሰው ፊት ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። አባ ዱራ ጅራፉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ስድስት ዓመት ስሰድብህ» አለ በመጨረሻ፣ «ስድስት ዓመት ስቀልድብህ... ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«ከእኔ?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ትንሽ ቆይቶ ተነሣ። አባ ዱራ ለኀዘን አልተፈጠረም፤ ያዘነ እንደሆነ ሥራ ይፈልጋል። «ልጅቷ መሬቱን አይታው ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«በቃ። ከሾላው ዛፍ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ያለው ሣር፣ ጥጆች የምናስርበት... እሱ ታርሶ ያውቃል?»

«ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አልታረሰም።»

«ጥቁር ነው?»

«ጥቁር ነው።»

«እንግዲያ ምን ቀረ? አፈር አፈር ነው። አገዳ እናለብሰዋለን። የታረሰውን ሁሉ ‹ያኛው ግማሽ ነው› እንላታለን። ልጅቷም ትመረቃለች፣ የናስርም ሥራ አይጠፋም፣ እኔም ኃጢአቴ ይቀልልኛል።»

ይህ ስህተት መሆኑን አላወቅኩም ብል ማን ያምነኛል? አውቄያለሁ። ግን ያን ምሽት የናስር ሥራ አይጠፋም ያለኝን ሰው ሁሉ እከተለው ነበር።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ሁለት ሽማግሌዎች ለከብት ካስቀመጥነው ክምር አገዳ እየተሸከምን ሣሩ ላይ ስንነሰንስ ያየን ሰው ቢኖር አብደዋል ይል ነበር። እኔ አንድ እቅፍ አምጥቼ አስር ጊዜ አስላለሁ። አባ ዱራ አገዳውን አስተካክሎ ሲደረድር፣

«እንዲህ ተደርድሮ የወደቀ አገዳ የት አይተሃል? በትነው» አልኩት።

«እሺ ጌታዬ፤ መዋሸትም እንደ እርሻ ልምድ ይፈልጋል ለካ» አለ። ሳቄ መጣ። አፈርኩም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ሂሩት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች፤ የአፈር መውሰጃ ብረትና የፕላስቲክ ከረጢቶች ተሸክማለች። ሻይ ጠጥታ፣ ዘሃራን ስማ፣ ወዲያው ወደ ሥራ ልሂድ አለች። ዘሃራ ዓይኔን ሳታይ ብርጭቆውን ይዛ ገባች።

ወደ ሾላው ይዘናት ሄድን። አባ ዱራ ከፊት ሆኖ፣ «ይሄ ሁሉ የታረሰው ነው፤ ያ ደግሞ ያልታረሰው ነው» እያለ እንደ አስጎብኚ ያሳያታል። ልጅቷ አገዳውን አየች። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ተነፈስኩ።

«ደብተሩ አለ አይደል፣ አባባ? መምህሬ ልኬቱ ከናስር ደብተር ነው ብለውኛል።»

ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ከልብሴ ውስጥ ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ፤ የሚጠየቅ ነገር መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ፣ አላሰብኩም። ሰጠኋት። ገለጠችና አነበበች፤ «ከትልቁ ድንጋይ ወደ ወንዙ፣ በአባቴ እርምጃ፣ አርባ።» ፈገግ አለች። «በእርስዎ እርምጃ ነው ማለት ነው። ድንጋዩ የቱ ነው?»

ድንጋዩ መሐል ማሳው ላይ፣ የታረሰው አፈር ከቦት ቆሟል። አባ ዱራ ቶሎ ብሎ ከአጥሩ ሥር ያለች፣ ዶሮ የምትወጣባትን ድንጋይ በዱላው መታ።

«ይቺ ናት!»

«ይቺ?» አለች ሂሩት።

«ድሮ ትልቅ ነበረች» አለ አባ ዱራ።

ልጅቷ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። «እሺ፣ አባባ፣ እርስዎ ይራመዱልኝ፤ እኔ እከተላለሁ።»

እዚያች ውሸታም ድንጋይ አጠገብ ቆምኩ። ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። አንድ። ሁለት። አገዳው ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሦስት። አራት። ሂሩት ከጎኔ ሆና ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ልክ እንደ እሱ፣ ከእኔ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆና። «ስምንት» አለች። «ዘጠኝ።»

አሥረኛውን ላነሳ ስል እግሬ እምቢ አለ። ድካም አልነበረም፤ የድካምን አውቀዋለሁ። ልጄ በእግሬ አምኖ ሜትር ሳይፈልግ የለካው ነገር ነው። በዚሁ እግር እንዴት እዋሽበታለሁ?

«ልጄ» አልኳት፣ «ድንጋዩ ይህ አይደለም።»

አባ ዱራ ከኋላዬ «ያ ረቢ» ሲል ሰማሁት።

ወደ ታረሰው ማሳ ገባሁ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይሰምጣል። ትልቁ ድንጋይ ጋ ደረስኩ፣ እጄን አሳረፍኩበት፣ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩና ብቻዬን ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሂሩት ትከተለኛለች። ሃያ ላይ ስደርስ ኮቴዋን መስማት አቆምኩ። ዞሬ አላየሁም፤ አርባ እስክል ሄድኩ። ቦዩ ገና ጥቂት ይቀረው ነበር። በሽታው ነው ብዬ አለፍኩት።

ስመለስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች።

«መቼ ነው?» አለችኝ።

«ትናንት።»

«ትናንት» አለች። «ስድስት ዓመት ቆይቶ... ትናንት።»

አባ ዱራ ኮፍያውን አውልቆ ፊቷ ቆመ። «ያረስኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። እሱ ሆስፒታል ነበር። አገዳውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የድንጋይዋም ውሸት የእኔ ነው። የሚከሰስ ሰው ካለ እኔ ነኝ።»

«የሚከሰስ የለም፣ አባባ» አለችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና መሬት መሬቱን ታይ ጀመር። ከዚያ ድንገት ጎንበስ አለች።

በበሬ ድንጋይ ሥር አይታረስም፤ ማረሻው ይሰበራል። ስለዚህ ድንጋዩ ዙሪያ፣ አንድ መስገጃ የምታህል መሬት ሳትነካ ቀርታለች፤ አገዳዋም እላይዋ ላይ ነው። ሂሩት ተንበርክካ አገዳውን ገለል አድርጋ ብረቱን ሰካችና ስባ አወጣች። የወጣው አፈር ጥቁር ነበር። ጠብ ጠብ እያለ አይበተንም፤ ፍርፋሪው ተያይዟል፣ ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች ሰፍተውታል። መሐሉ ላይ አንዲት የአፈር ትል ትጠማዘዛለች። ከዚያ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ ከታረሰው አወጣች። ይህኛው ፀሐይ አድርቆት ገርጥቷል፤ መዳፏ ላይ ስታደርገው በጣቶቿ መሐል ፈሰሰ።

«ያሽትቱት» አለችኝ፤ የመጀመሪያውን።

አሸተትኩት። የአባቴ በረት ነው።

«ያኛው ሁሉ ጠፋ?» አልኳት።

«ሁሉም አይጠፋም። የላዩ ከታቹ ጋር ተደባልቋል። ግን ተሰባብሮ አየር አግኝቷል፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ዛሬም እየወጣ ነው፣ ነገም ይወጣል። ስንት እንደሆነ ሳልመዝን አልነግርዎትም።»

«ቢተው ይመለሳል?»

«ይመለሳል። ግን ሲወጣ በቀናት ነው፣ ሲገባ በዓመታት።»

«በስንት ዓመት?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ሽበቴን፣ የያዝኩትን ዱላ። ቁጥሩ አፏ ላይ ደርሶ ስትመልሰው አየኋት። «ቆየት ይላል፣ አባባ» አለች።

ከመሄዷ በፊት ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጣ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። እኔ እስከዚያ ገጽ ደርሼ አላውቅም ነበር፤ ንባቤ ቀርፋፋ ነው፣ ከጥቂት መስመር በኋላም ዓይኔ ይጨልማል። አነበበችልኝ። «ዛሬ ቆፈርኩ። ትል ሦስት። አባ ካልኩት በላይ ፍግ ጨምሯል። ደስ ብሎታል መሰለኝ፤ አይናገርም።»

አይናገርም። ልጄ አውቆኝ ነበር።

ሂሩት ከዚያ ማሳ መመረቂያዋን አልጻፈችም። ከሌሎች ገበሬዎች ማሳ አፈር ስትሰበስብ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀረች። በስልክ ስትነግረኝ አጽናናችኝ፤ የጎዳኋትን ሰው አጽናኝ ማድረግ እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሂሩት በመጣች ማግስት፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ደቦ የወጡትን ሰዎች መስጊዱ ደጅ አስቁሜ ሁሉን ነገርኳቸው። የናስርን ስም ጠራሁ። ድምፄ ተሰበረ፤ ተሰብሮም ቀጠልኩ። ማንም አልሳቀብኝም። ስድስት ዓመት የፈራሁት ነገር ካሰብኩት ያነሰ ነበር። አንድ ሰው ብቻ፣ «ብትነግረን ኖሮ እኮ አጥር እናጥርልህ ነበር» አለኝ። ያን ቃል ከሆስፒታሉ መርፌ የበለጠ አስታውሰዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ለምክር የምበቃ ሰው አይደለሁም። ማዳበሪያ አትጠቀሙ አላልኩም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ብቻ ለበቆሎው አብልታችሁ መሬቱን ጦሙን አታሳድሩት፤ አገዳውን ተዉለት፣ ፍጉን መልሱለት፣ ባልተቸገራችሁበት ቀን አትገልብጡት። ሌላው የምላችሁ ይህን ነው። ጠላቴ ማሳዬን ቢያርስብኝ ኖሮ እጣላው ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። እኔን ያጠፉኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው፤ መንገዱን የከፈትኩላቸውም እኔ ነኝ። ሰው ያልነገራችሁትን ነገር ሊጠብቅላችሁ አይችልም።

ያን ግማሽ ከአዲስ ጀመርነው። አባ ዱራም ከራሱ ማሳ ቁራጭ ሳያርስ ትቷል። አሁን የሚቀለደው በእሱ ነው። «አባ ዱራ፣ መሬትህ ስንት ሰዓት ይነሳል?» ሲሉት፣ «ተዉት፣ ሌሊቱን ሲሠራ ነው ያደረው» ይላቸዋል።

ዘንድሮ ችካሉን ልንተክል ከትልቁ ድንጋይ ተነሣሁ። አባ ዱራ ይቆጥርልኛል። አርባ ሲል ቆምኩ፤ ቦዩ ግን ከፊቴ ራቅ ብሎ ነበር። በሽታ የለብኝም፤ ደህና ነኝ። ቀጠልኩ፤ አፋፉን ስረግጥ አርባ ስድስት አለ።

«ድንጋዩ ሸሽቶ ይሆናል» አለ አባ ዱራ።

ሁለታችንም አልሳቅንም። ደብተሩን አወጣሁ። ናስር ከጻፈው መስመር ሥር፣ በዚያ በጠማማ ፊደሌ፣ «ዘንድሮ አርባ ስድስት» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ገና ብዙ ባዶ መስመር አለ፤ እኔ ከምጽፈው ይበልጣል።